እንዲህ በላት አለች

ሪችፊልድ፣ ሚኒሶታ
ኦክቶበር 12፣ 2024

ወንድሜ ሐጌ፣

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። ፖስታው ላይ የእጅ ጽሑፍህን ሳይ መጀመሪያ ደነገጥኩ፣ ቀጥሎ ሳቄ መጣ። «ማ»ን አሁንም እንደ ድሮው እግሯን አጣመህ ነው የምትጽፋት። እቴቴ በዚህ ስንቴ ቆንጥጣሃለች!

የእሑዱን ስልክ ለምን እንዳቋረጥክ የሰጠኸኝን ምክንያት አንብቤዋለሁ። የአውቶብስ ተራህ ተለውጦ እሑድን መሪ ላይ ነው የምትውለው። እሺ። ግን ሰኞም ቀን ነው ሐጌ፣ ማክሰኞም ቀን ነው። አልጨቀጭቅህም፤ ብቻ ድምፅህ ናፍቆኛል። እቴቴ ጆሮዋ ከደከመ ወዲህ በስልክ አታወራም፤ ስክሪን ላይ ሰው ማየትንም «የሙት መንፈስ መጥራት ነው» ብላ ትታዋለች። የአንተ ድምፅ ነበር ለሁለታችሁም የሚሆነኝ። እንግዲህ ካልሆነ እኔ ልጻፍ፤ አንተ ጆሮዋ ሥር ጮኸህ አንብብላት፤ የምትለውን ደግሞ እንዳለ ጻፍልኝ።

«ምን እየሠራች ነው፣ ቲያትር አላት ወይ?» ብላ መጠየቋን ጽፈሃል። የላትም በላት። ሚኒያፖሊስ ያመጣኝ ቲያትር ቤት ከተዘጋ ቆየ። ሌሎቹ አንዳንዴ ለአፍሪካዊት እናት ሚና ይጠሩኛል፤ አፌን ስከፍት ግን የሚወጣው የለንደን እንግሊዝኛ ነው። «ትንሽ የአገርሽን አክሰንት ልትጨምሪበት ትችያለሽ?» ይሉኛል። የአገሬ አክሰንት እኮ ይኸው ነው።

ስለዚህ አሁን በሽተኛ ነኝ። (ይህን ስታነብላት ቀስ በል፣ እንዳትደነግጥ።) እዚህ ተዋናዮችን የሚቀጥር አንድ የሕክምና ትምህርት ቤት አለ። ተማሪዎቹ እውነተኛ ሰው ዘንድ ከመድረሳቸው በፊት እኛ ላይ ይለማመዳሉ። አንድ ቀን ሆዴን ያመኛል፤ አንድ ቀን ባሌ አደጋ ደርሶበት ኮሪደር ላይ እጠብቃለሁ። ብዙውን ጊዜ ግን መጥፎ ዜና የሚነገራት ሴት ያደርጉኛል። ፊቴ ለዚያ የሚመች መሰለኝ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ልጅ ገብቶ ይቀመጣል፣ ይነግረኛል፤ አለቅሳለሁ፤ ደወል ይደወላል። እንባዬን ጠርጌ «ዓይኔን አላየኸኝም፣ ቶሎ ቶሎ ተናገርክ» ብዬ አስተያየት እሰጠዋለሁ። ከዚያ ሌላው ይገባል።

እንዴት እንደሚፈሩ ብታይ! አንዱ ስለ አየሩ ይጀምራል፤ አንዷ ጫማዬ ማማሩን ትነግረኛለች። እኔ ግን ገና በሩን ሲከፍቱት አውቃቸዋለሁ። የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ትንፋሹን ይዞ ነው የሚገባው።

ሜቲ ደህና ናት፤ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። ሳምንቱን ከእኔ ጋር፣ ቅዳሜና እሑድን ብሩክሊን ፓርክ ከአባቷ ጋር ናት። የወረቀቴ ጉዳይ እንዳለ ነው። ከረጋሳ ጋር ከተፋታን ወዲህ መኖሪያ ፈቃዴ እንደ አዲስ እየታየ ነው። ውሳኔው ሳይመጣ ከአሜሪካ እግሬን ካወጣሁ ማመልከቻዬ እንደተተወ ይቆጠራል፤ የመመለሻውም በር ለብዙ ዓመት ሊዘጋብኝ ይችላል ብላኛለች ጠበቃዋ። ልጄ ደግሞ እዚህ ናት። ስለዚህ ለገናም አልመጣም። ይህን ለእቴቴ አንተ እንደምታውቅበት አድርገህ ንገራት።

እህትህ ማዕዶት


ለንደን
ኖቬምበር 3፣ 2024

ማዕዶትዬ፣

ደብዳቤሽ በደህና ደርሷል። እዚህ ዝናብ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ አላባራም። ቅጠሉ አስፋልቱ ላይ ተለጥፎ አውቶብሱን ያንሸራትተዋል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ጭጋጉ አያድርስ ነው።

እማዬ፣ እቴቴሽ፣ ደህና ናት። ትንሽ ጉንፋን ስለነካት አልጋ ላይ ነው የምትውለው እንጂ ደህና ናት። ደብዳቤሽን ደግማ አስነብባኛለች። በሽተኛ ሆነሽ መቀጠርሽን ስትሰማ እንዲህ በላት አለች፦ «እንግሊዝ አገር መድረክ ላይ ስትሞቺ አይቼ ጠግቤያለሁ። አሜሪካም ሄደሽ ያው ነሽ? እስቲ አንድ ቀን እንኳ የምታገባ ሴት አድርጉኝ በያቸው።»

ደግሞ አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብላለች። እንዴት ተዋናይ እንደሆንሽ ከመጀመሪያው ጀምረሽ እንድትጽፊላት ትፈልጋለች። «እኔ የማውቀው ከውጭ ያለውን ነው፤ ቀሚስ ሳሳጥርላት፣ በር ስከፍትላት። ከውስጥ እንዴት እንደነበረ ነግራኝ አታውቅም» አለች። ረዘም አድርጊው እባክሽ፤ ሲነበብላት ደስ ይላታል።

ስለ ስልኩ አትቀየሚኝ። ስደውል ድክም ያለ ድምፄን ትሰሚና ትጨነቂያለሽ። በጽሑፍ ይሻላል።

ወንድምሽ ሐጌ


ሪችፊልድ
ኖቬምበር 21፣ 2024

ሐጌ፣ ከዚህ በታች ያለው የእሷ ነው። አታሳጥርባት።

እቴቴ፣

ከመጀመሪያው ካልሽ መጀመሪያው አንቺ ነሽ። እናቴ እኔን ወልዳ እንደሞተች፣ አባቴም በሃይማኖቱ ምክንያት እስር ቤት እንደነበረ ታውቂዋለሽ። «የወንድሜን ልጅ ላኩልኝ» ብለሽ ጻፍሽ። አንዲት የማላውቃት መንገደኛ እጄን ይዛ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ አስረከበችሽ። ስድስት ዓመቴ ነበር። ለወራት አንድ ቃል አልተነፈስኩም። አስተማሪዎቹ ጆሮዋ ይሰማል ወይ እያሉ ሲያስመረምሩኝ አንቺ «ስትፈልግ ትናገራለች» ብለሽ ልብስ ስፌትሽን ትቀጥዪ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ እኔንና ሐጌን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታስነብቢን ነበር። እሱ ያነባል፣ እኔ ዝም። አንድ ቅዳሜ ሐጌ ስለ ዮናስ እያዛጋ አነበበ። ዮናስ ባሕር ውስጥ ተጥሎ እሱ ያዛጋል! በጣም ተናደድኩ። መጽሐፉን ነጥቄ ራሴ አነበብኩት፤ የመርከበኞቹን ቃል በጩኸት፣ ዓሣው ሆድ ውስጥ ያለውን በታፈነ ድምፅ። ቀና ስል መርፌሽ ቆሟል፤ አፍሽን በእጅሽ ይዘሻል። ከውስጥ እንዴት ነበር ካልሽኝ፣ እንዲህ ነበር፦ በራሴ ቃል መናገር ፈርቼ ነበር፤ በዮናስ ቃል ግን አልፈራሁም። ተዋናይ የሆንኩት ያን ቀን ነው። የድራማ ትምህርት ቤቱ፣ ፈተናው፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

የመጀመሪያ ሥራዬን ታስታውሻለሽ። በተውኔቱ ሁለተኛ ክፍል ላይ በጩቤ ተወግታ የምትሞት አገልጋይ ነበርኩ። ደሙ ሲፈስ «ኧረ በኢየሱስ ስም!» ብለሽ ከወንበርሽ ተነሳሽ፤ ተመልካቹ ሁሉ ዞረ። እኔ ሞቼ ወለሉ ላይ ተዘርግቼ ሳቄ እንዳይወጣ ምላሴን ነክሼ ነበር። በኋላ አብረውኝ የሚሠሩት ማናት ብለው ሲጠይቁኝ አላውቃትም አልኳቸው። ወዲያው አፈርኩና አክስቴ ናት፣ እሷ ናት ያሳደገችኝ አልኩ። ከዚያ ወዲህ በሄድኩበት ቲያትር ቤት ሁሉ መጀመሪያ የምናገረው እሱን ነው።

ከዚያ ቴሌቪዥኑ መጣ። የሆስፒታል ድራማ ላይ ነርስ ሆኜ ስንት ዓመት ሠራሁ! ሰው አውቶብስ ላይ ያውቀኝ ጀመር። አንዲት አሮጊት እጅጌዋን ሰብስባ የደም ግፊቴን ለኪኝ ብላኛለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ትወና ውሸት ነው» ብለው ሽማግሌዎቹ ሲጠሩሽ የመለስሽላቸውን ሐጌ ነግሮኛል፤ «እኛ እሑድ እሑድ ተጨባብጠን ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ የምንባባለው ይበልጣል።» ይህን ቃልሽን ግጥም ላደርገው ብዙ ሞክሬ አልሆነልኝም። እንዳለ ይሻላል።

ጸሐፊዎቹ ነርሷን በመኪና አስገጭተው ገደሏት። ስልኬም አብሯት ሞተ። ቤት ቁጭ ብዬ ግጥም መጻፍ የጀመርኩት ያኔ ነው። ሁለት መጽሐፍ ወጣልኝ። ሁለተኛው ለሽልማት ታጨ፤ አልሸለሙኝም። ለዚያ ምሽት የሰፋሽልኝን አረንጓዴ ቀሚስ ግን ሁሉም የት ገዛሽው ብለውኛል። ስለ ግጥሜ ማንም እንዲያ አልጠየቀኝም።

እጄ ደከመ፣ ሜቲም ራበኝ ትላለች። ጉንፋኑ ለቀቀሽ?

ልጅሽ ማዕዶት


ለንደን
ዲሴምበር 15፣ 2024

ማዕዶትዬ፣

እንዳልሽው ምንም ሳላስቀር አነበብኩላት። ዮናስ ላይ ስደርስ ፈገግ አለች። እኔንም «ታዛጋ ነበር» ብላ በዓይኗ ወቀሰችኝ።

ጉንፋኑ እየተሻላት ነው። እንዲህ በላት አለች፦ «ልጄ ሆይ፣ በርቺ። የእጅሽ ሥራ ሁሉ የተባረከ ይሁን። ጤናሽን ጠብቂ፣ ስለ እኔ አታስቢ።» ደግሞም «በጣም እወድሻለሁ በላት» አለች።

ያንን የአማርኛ ግጥምሽን፣ የጓዳውን፣ እንድትጽፊላት ትፈልጋለች። መጽሐፉ እዚህ ቤት የለም፤ በቃሏ የነበረው ጠፍቶባታል። ለምን ሚኒያፖሊስ እንደቀረሽም ከአፍሽ መስማት ትፈልጋለች።

ሐጌ


ሪችፊልድ
ዲሴምበር 29፣ 2024

ሐጌ፣

የመጀመሪያው ገጽ የአንተ ነው፤ እንዳታነብላት።

«ልጄ ሆይ» ያለችው ማናት? እቴቴ ከጸሎት ውጭ «ሆይ» ስትል ሰምቻት አላውቅም። «እወድሻለሁ»ም ብላኝ አታውቅም፤ በሕይወቴ አንድም ቀን። «በልተሻል?» ነው የምትለው። «ካፖርትሽን ቆልፊው» ነው የምትለው። ቴሌቪዥን ላይ ፈረንጆቹ ሲባባሉት ሰምታ «ቃሉን አረከሱት» ያለችው ሴት ናት አሁን ይህን የላከችልኝ? ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ቃል እያጠናሁ ነው የኖርኩት። የትኛው ቃል ከየትኛው አፍ እንደሚወጣ ካላወቅኩ ምኑን ተዋናይ ሆንኩ? ይህን የጻፍከው አንተ ነህ።

ጉንፋን እስከ ገና አይቆይም። አንድ ግጥም ሰምታ የማትረሳ ሴት በቃሏ የያዘችው ጠፋባት ትለኛለህ። ታማለች ወይ? አዎ ወይም አይደለም በለኝ። ከታመመች እመጣለሁ። የሚሆነው ይሁን።

ለእሷ የምታነበው ከዚህ ይጀምራል።

እቴቴ፣ ግጥምሽ ይኸው፦

ሁለት ልሳን አለኝ፤ አንዱ ለእንጀራዬ፣
አንደኛው ዝም ብሎ ሚኖር በጓዳዬ፤
ያኛው ሲናገር ሰው ቆሞ ያጨበጭባል፣
ይህኛው ዝም ሲል ግን አንቺን ብቻ ያማል።

ሚኒያፖሊስ የመጣሁት ለአንድ ክረምት ነበር። አንዲት ኦሮሞ እናት ሆኜ ልጫወት፤ ከቲያትሩ ውስጥ በኦሮምኛ የምናገረው አንድ መስመር ብቻ ነበር። አንድ ምሽት ከትርኢቱ በኋላ ረጅም ሰውዬ በር ላይ ጠበቀኝ። አበባ የያዘ መስሎኝ ነበር። «ቃሉን ገደልሽው» አለኝ። ረጋሳ ነው። ብሩክሊን ፓርክ መጋዘን ውስጥ ሲሠራ ውሎ መጥቶ፣ ያችን አንድ መስመር እዚያው በረዶው ላይ አቁሞኝ አስተካከለልኝ። በማግሥቱ በትክክል አልኩት፤ ከኋላ ወንበር አጨበጨበ። እንዲህ ነው የቀረሁት። ለመለያየታችን ይህ ነው የምልሽ ጠብ የለም። እሱ ማታ ቤት የምትገኝ ሚስት ፈለገ፣ እኔ ማታ ነው ሥራዬ። ተከባብረን ደከምን። ሜቲ ግን የሁለታችንም ናት፤ የእሱን ቁመት ይዛለች፣ የአንቺን እልህ።

ማዕዶት


ለንደን
ጃንዋሪ 12፣ 2025

ማዕዶት፣

አይደለም። አልታመመችም። አርጅታለች። ሰው ሲያረጅ «ሆይ»ም ይላል፣ «እወድሻለሁ»ም ይላል፣ ግጥምም ይረሳል። አንቺ የምታውቂያት የዛሬ ስንት ዓመቷን እቴቴ ነው።

ግጥሙን አነበብኩላት። እንዲህ በላት አለች፦ «ግጥሙስ ደህና ነው፤ ግን ጓዳ ውስጥ ዝም ብሎ የሚኖር ድመት ብቻ ነው።» ይኸው። ይህስ ከማን አፍ ወጣ ልትይ ነው?

አትምጪ። በሜቲ ይዤሻለሁ፣ አትምጪ።

ሐጌ


ሪችፊልድ
ጃንዋሪ 22፣ 2025

ሐጌ፣

ድመቷ ላይ ስደርስ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅኩ። አዎ፣ ይቺ እሷ ናት። ስለ ጠረጠርኩህ ይቅርታ አድርግልኝ። ልቤ አርፏል። አየሩ ሲሞቅላት ወደ መናፈሻው ውሰዳት፤ ካፖርቷን ቆልፍላት።

ማዕዶት


ሪችፊልድ
ፌብሩዋሪ 11፣ 2025

ሐጌ፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጀምርም።

ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍተው ከፊት አቶ ደረሰ ቆመዋል፤ ብሩክሊን ሴንተር ያለው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ አንተ እንደ ደወልክላቸው በኋላ ነገሩኝ። ከጎናቸው ከላይኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ሲንቄ፣ ከኋላ ረጋሳ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ። ቅዳሜ የእሱ ቀን ነው። ነገር እንዳለ ለማወቅ ሜቲን መልሶ ይዞ መምጣቱ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

«ግቡ» አልኩ። «ጫማ አታውልቁ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል» አልኩ። ተቀመጡ። ሲንቄ ሻይ ልጣድ ብላ ወደ ማድቤት ገባች፤ ውኃው ሲፈስ ሰማሁ፣ ግን ምድጃው አልተለኮሰም። አቶ ደረሰ «ብርዱ ዘንድሮ ባሰ» አሉ። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከፈቱ፣ ዘጉት፣ ደግመው ከፈቱ።

ተማሪዎቹ ቃል ሲጠፋባቸው እንድናቀብላቸው ይፈቀድልናል። እኔም ለአቶ ደረሰ እንደዚያው አደረግኩ። «አባቴ፣ ሊነግሩኝ የመጡትን ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እናት ማለት...» ብለው ቆሙ።

«እቴቴ ሞተች» አልኩ።

«አዎ» አሉ።

ያን ሁሉ ሰው ልከህ፣ ራሴን ያረዳሁት እኔው ነኝ።

ከዚያ እንዲሁ ተቀመጥኩ። ደወሉ እስኪደወል እየጠበቅኩ ነበር፤ እውነቴን ነው። ሁሉም ያዩኛል፣ እኔ ደወል እጠብቃለሁ። ሲንቄ «አልቅሺ እንጂ፣ እንዲህ ዝም አይባልም እኮ» ብላ ትከሻዬን ስትነካኝ ነው የፈረስኩት። ምንጣፉ ላይ ነበርኩ። ሜቲ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ለሥራዬ እቤት ስለማመድ እንዲህ ስሆን ብዙ ጊዜ አይታኛለች። «ማሚ፣ ፕራክቲስ ነው?» አለችኝ።

ረጋሳ አንስቶ አቀፋትና በኦሮምኛ ጆሮዋ ውስጥ የሆነ ነገር ነገራት። እየሰማችው ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም።

መቀበሯን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ስለ ድመት እየሳቅኩ እሷ እያጣጣረች ነበር። እኔ ካፖርቷን ቆልፍላት ብዬ ስጽፍልህ...

ትናንት ጠበቃዬን አነጋገርኳት። ለሞት ለተቃረበ ቤተሰብ ልዩ የጉዞ ፈቃድ ይጠየቃል። ላይሰጡኝ ይችሉ ነበር፤ ሰጥተውኝም ስመለስ ሊያስቸግሩኝ ይችሉ ነበር። ግን ይጠየቃል ሐጌ! እኔ አልጠየቅኩም፤ ስላላወቅኩ። ልጄና እናቴ መሃል መምረጥ ካለብኝ መራጯ እኔ ነበርኩ። ምርጫውን ወሰድክብኝ። አዎ ወይም አይደለም በለኝ ብዬህ ነበር። አይደለም አልከኝ።

አትጻፍልኝ።

ማዕዶት


ለንደን
ፌብሩዋሪ 23፣ 2025

ማዕዶት፣

አንድ ጊዜ ጽፌ አርፋለሁ። አንብቢው፣ ከዚያ ቅደጂው።

ሴፕቴምበር ላይ ነው ሕመሟ የጉበት፣ የማይድን መሆኑ የታወቀው። ሐኪሟ እንግሊዝኛውን ተናገረ፤ «ምን አለ?» አለችኝ። ያስተረጎምኩላት እኔ ነኝ። አንቺ ዘንድ የሚመጡት ልጆች ይማሩታል፤ እኔን ያስተማረኝ የለም። ስለ አየሩ ልጀምር አልኩና መስኮት አልነበረውም ክፍሉ።

አላለቀሰችም። የመጀመሪያ ቃሏ «ማዕዶት እንዳትሰማ» ነው። ተከራከርኳት። ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ፦ «ከሰማች ትመጣለች። ከመጣች በሩ ይዘጋባታል። ያች ልጅ ያለ እናት ትቀራለች። እኔ አንዲት እናት የሌላት ልጅ አሳድጌያለሁ፤ እንዴት እንደነበረች አይቻለሁ፣ ወራት ሙሉ ድምፅ አልነበራትም። ሌላ እንደሷ ያለች በእኔ ሞት ምክንያት እንድትኖር አልፈልግም። ማል» አለችኝ። ማልኩላት። ስልክ ያቋረጥኩት ለዚህ ነው። ድምፄን ብትሰሚ አንድ እሑድ አላመልጥሽም ነበር።

ስለ ልዩ ፈቃዱ አላውቅም ነበር። ባውቅስ ኖሮ? አስቤበታለሁ። የምነግርሽ አይመስለኝም። ምዬላት ነበር።

ሌላም አለ፤ ይኸኛው ነው እንቅልፍ የነሳኝ። እስከ ኖቬምበሩ ደብዳቤዬ ድረስ እሷ አለች ያልኩሽ ቃል በሙሉ የእሷ ነው። ከኖቬምበር መጨረሻ ወዲህ ግን መድኃኒቱ ስለሚያደክማት ብዙም አትናገርም ነበር። «እንዲህ በላት አለች» እያልኩ እኔ እጽፍ ጀመር። «ልጄ ሆይ» የእኔ ነው፤ የሽማግሌዎቹን ጸሎት ነው የቀዳሁት። ስትነቂብኝ ጊዜ አሻሻልኩት። ድመቷም የእኔ ናት። ሦስቴ ሰርዤ ነው የጻፍኳት።

ያን ቀን ግን፣ «ልጄ ሆይ»ን ጽፌ ሳልጨርስ፣ ዓይኗን ገለጠች። «ለማን ነው?» አለች። ለማዕዶት ነው አልኳት። ከንፈሯን በውኃ ካራስኩላት በኋላ «በጣም እወድሻለሁ በላት» አለች። ገርሞኝ አየኋት። «ትስቃለች፤ ግን በላት» አለች። እሱን እንዳለ ጻፍኩት።

በዚያ ገጽ ላይ የእሷ ቃል ያ ብቻ ነበር። አንቺ የእኔን አመንሽ፣ የእሷን መለስሽው። አልፈርድብሽም፤ ከሐሰቱ ጎን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ጃንዋሪ 30፣ ሐሙስ ጠዋት ነው ያረፈችው። የኖቬምበሩን ደብዳቤሽን እያነበብኩላት ነበር። ትስማ አትስማ አላውቅም። መሞቷን ሳላውቅ ገጹን ጨርሻለሁ።

ሐጌ


ሪችፊልድ
ጁን 1፣ 2025

ሐጌ፣

ደብዳቤህን አልቀደድኩትም። ልመልስልህ ግን አቅም አልነበረኝም።

ሥራውን ተውኩት። ማርች ላይ ተመልሼ ሞክሬ ነበር። አንድ ጥሩ ልጅ ገባ፤ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ፣ ዓይኔን አየኝ፣ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ምንም አላጠፋም። ደወሉ ተደወለ፣ እኔ ማቆም አቃተኝ። ልጁ ደንግጦ «ምን አጠፋሁ?» ይለኛል። አሁን ብሩክሊን ሴንተር አንድ ቢሮ ውስጥ ስልክ አነሳለሁ። ድምፅሽ ያምራል ይሉኛል። ግጥም አልመጣልኝም፤ እንደሚመጣም አላውቅም። ቲያትር ቤቶቹ መጥራት ትተዋል፣ እኔም መጠበቅ።

ሞሲሳ የሚባል የረጋሳ ዘመድ መጥቶ ሲያጽናናኝ «እናትሽ ጥሩ አደረገች» አለኝ። ከቤቴ ላስወጣው ምንም አልቀረኝም። በኋላ ሳስበው የእሷ ነገር ይገባኛል። እኔም ለሜቲ ያንኑ የማደርግ ይመስለኛል። የአንተ ነው የማይገባኝ። «አይደለም» ብለህ ስትጽፍ እጅህ እንዴት እሺ አለህ? ይህን የምጽፈው ልቆጣህ አይደለም፤ ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ እንዳልዋሽህ ነው። ገና አልደረስኩም። ግን ያንን ቤት የሚያውቅ፣ እሷን «በልታችኋል?» ስትል የሰማ፣ በምድር ላይ ከአንተ በቀር ማንም የለኝም። ስለዚህ ካንተ ጋር መኳረፍም አልችልበትም።

ወረቀቱ ሜይ ላይ መጣ። ተፈቅዶልኛል። ፖስታውን ይዤ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀረሁ፤ ማንን እንደምወቅስ አላወቅኩም።

ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ከሜቲ ጋር እንመጣለን። ይዣት እንድወጣ ረጋሳ ፈርሞልኛል። ኤርፖርት አትምጣ፤ መጀመሪያ መቃብሯ ዘንድ ብቻችንን መሄድ እፈልጋለሁ። ከዚያ ወደ ቤት እንመጣለን።

ትናንት ሜቲን በመኪና ወደ አባቷ ስወስድ፣ ብሩክሊን ፓርክ ልንገባ ስንል መብራት ያዘን። ከኋላ ወንበር በእንግሊዝኛ «መቃብር ላይ ምን ተብሎ ነው የሚወራው?» አለችኝ።

«የፈለግሽውን» አልኳት።

«እሷ እንግሊዝኛ ትችላለች?»

«ብዙም አትችልም ነበር።»

«እንግዲያው እኔ ስናገር አንቺ ንገሪያት» አለችኝ።

እሺ አልኳት። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ከኋላዬ ያሉት መኪኖች ክላክስ ነፍተው ነፍተው በጎን ማለፍ እስኪጀምሩ ድረስ እግሬ አልታዘዘኝም።

ማዕዶት